በራስ ቅል ውስጥ የተደበቀውን መግል ያወቀው ሐኪም
ዊልያም ማክዩን (እ.ኤ.አ. 1848–1924)

በዚህ እትም የምናስተዋውቃችሁ ሰው ስኮትላንዳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዊልያም ማክዩን ነው። ታሪኩን የመረጥንላችሁ ስሙ ገናና ስለሆነ ብቻ አይደለም። ጆሮው መግል የሚያፈስ ልጅ ያለው ወላጅ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ስላለበት ነው።

ማክዩን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1848 ቡት በምትባል ደሴት፣ በሮዝሲ ከተማ ነው። ሕክምና የተማረው በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ነው። ቁስል እንዳያመረቅዝ በመድኃኒት ማጽዳትን ያስተማረው ጆሴፍ ሊስተር መምህሩ ነበር።

እስቲ ያንን ዘመን አስቡት። ራጅ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው፤ አንጎልን የሚያሳየው ሲቲ ስካን ደግሞ የመጣው በ1970ዎቹ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ የሚመካው በዓይኑ፣ በጆሮውና በእጁ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1876 ማክዩን አንድ የ11 ዓመት ልጅ ተመለከተ። ልጁ በግራ ቅንድቡ በኩል ቆስሎ ነበር። ከዚያም አተኮሰው፣ አንቀጠቀጠው፣ በመጨረሻም መናገር ተሳነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ብሮካ ንግግርን የሚመራው የአንጎል ክፍል በግራ ግንባር በኩል እንደሚገኝ ቀደም ብሎ አሳይቶ ነበር። ማክዩንም ይህን ይዞ፣ መግሉ የተቋጠረው እዚያ መሆኑን ተረዳ። የራስ ቅሉን ከፍቶ መግሉን ለማውጣት ቢጠይቅም ፈቃድ አላገኘም። ልጁ ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር መግሉ ማክዩን ባመለከተው ቦታ ላይ ተገኘ።

ማክዩን ግን ተስፋ አልቆረጠም። የበሽተኞቹን የልብ ትርታ፣ የሰውነት ሙቀትና ንቃት በጥንቃቄ እየተከታተለ መዘገበ። በአንጎል ውስጥ መግል የቋጠረ በሽተኛ ብዙ ጊዜ እንደሚፈዝና ትርታው እንደሚዘገይ፣ የአንጎል ሽፋን የተቆጣበት ደግሞ አንገቱ እንደሚገተር ለየ። እ.ኤ.አ. በ1893 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የአንጎል መግል ካወጣላቸው 19 በሽተኞች 18ቱ መዳናቸውን ገለጸ። ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም ነበርና ይህ ታላቅ ድል ነው። ማክዩን ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው።

ወላጆች ሆይ፤ ማክዩን ካስተዋላቸው ነገሮች አንዱ መግሉ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከጆሮ መሆኑ ነው። ሳይታከም የቆየ የጆሮ በሽታ ከጆሮ ጀርባ ያለውን አጥንት አልፎ ወደ አንጎል ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ ጆሮው የሚመግል ልጅ ሲኖራችሁ ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ አትጨምሩበት፤ ለሐኪም አሳዩት። ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ ትኩሳት፣ የአንገት መገተር፣ መፍዘዝ ወይም መንቀጥቀጥ ከታየበት ደግሞ ሌሊትም ቢሆን አትዘግዩ። አገራችን ኢትዮጵያ የማጅራት ገትር በሽታ በሚበረታበት የአፍሪካ ክፍል ውስጥ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1989 ብርቱ ወረርሽኝ አይታለች። ይህም በሽታ ፋታ አይሰጥም።

እናንተም ተማሪዎች፣ ታናሽ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ሲታመሙ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ በየትኛው ጎን እንደሆነ፣ ምን እንደተለወጠ ልብ ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። እዚህ ሞያሌም ሆነ ሌላ አገር፣ በሽታን በመጀመሪያ የሚያየው የቤተሰብ ዓይን ነው። ያ የ11 ዓመት ልጅ የሞተው በሽታው ሳይታወቅ ቀርቶ አልነበረም፤ የታወቀው በሽታ ሳይታከም ስለቀረ ነው።