ትልልቆቹ ጋዜጦች ዝም ሲሉ

በታክሲም ሆነ በቡና ቤት፣ ሁለት ሰዎች በተገናኙበት ሁሉ በዜና ማሰራጫዎች ላይ የሚሰማው ምሬት አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ጣቢያ የሚያወድሰውን ሌላው ያወግዘዋል፤ የሆነውን ነገር ግን ሁለቱም በቅጡ አይነግሩንም። ጩኸቱ ብዙ፣ ፍሬ ነገሩ ጥቂት ነው። ምሬቱ እውነት አለው። እኔን የሚያሳስበኝ ከምሬቱ በኋላ የሚመጣው ነው። ብዙዎቻችን ሁሉም ያው ነው ብለን ሬዲዮናችንን ዘግተን እንቀመጣለን። በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ፣ ከአርበኞች መቃብር አጠገብ ያረፉት እንግሊዛዊት ሚስ ሲልቪያ ፓንክረስት ግን በዚሁ ምሬት ተነሥተው ሌላ ነገር አደረጉ። ስለ እርሳቸው ስናነሣ ብዙውን ጊዜ የኢትዮጵያ ወዳጅ ነበሩ ብለን እናልፋለን። የጋዜጠኝነት ሕይወታቸው ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ የሚያስተምረን ነገር አለው።

ሚስ ሲልቪያ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1882 በማንቸስተር ከተማ ነው። አባታቸው ሪቻርድ ፓንክረስት የሕግ ሰው ሲሆኑ፣ በእንግሊዝ አገር ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ የሚጠይቀውን የመጀመሪያውን ረቂቅ ሕግ ያዘጋጁ ናቸው። እናታቸው ኤመሊን ፓንክረስት ደግሞ በ1903 ለዚሁ መብት የሚታገለውን የሴቶች ማኅበር መሠረቱ። ሲልቪያ ሥዕል ተምረው ነበር፤ ነገር ግን ትግሉ ብሩሻቸውን አስጣላቸው። ደጋግመው ታሰሩ፤ እህል አንቀምስም ብለው ሲያድሙም በቱቦ በግድ እንዲመገቡ ተደረጉ። በዚያን ጊዜ የነበሩት ትልልቅ ጋዜጦች እነዚህን ሴቶች ይሣለቁባቸው ነበር። እስከ ዛሬ የሚጠሩበትን «ሰፍራጄት» የሚለውን ስም በ1906 ያወጣላቸው «ዴይሊ ሜይል» ነው፤ ያወጣውም ለማላገጥ ነበር። ሴቶቹ ግን ስሙን ተቀብለው የክብር ስም አደረጉት።

በ1914 መጀመሪያ ከእናታቸውና ከታላቅ እህታቸው ከክሪስታቤል ጋር ተለያዩ። ምክንያቱ ሲልቪያ በምሥራቅ ለንደን ከሚኖሩት ድሆችና ሠራተኛ ሴቶች አልለይም ማለታቸው ነበር። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የራሳቸውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ጀመሩ። ስሙ «ዘ ውመንስ ድሬድኖት» ነበር፤ በ1917 «ወርከርስ ድሬድኖት» ተባለ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ እናታቸው ጦርነቱን ሲደግፉ እርሳቸው ተቃወሙ። ገጣሚው የጦር መኮንን ሲግፍሪድ ሳሱን በ1917 ጦርነቱን በመቃወም የጻፈውን መግለጫም በጋዜጣቸው አወጡ።

ከዚያ ዘመን ሥራቸው አንዱን በተለይ ማንሣት እወዳለሁ። በ1920 የሠራተኛው ወገን የነበረው «ዴይሊ ሄራልድ» በጀርመን ስለሰፈሩት ጥቁር የፈረንሳይ ወታደሮች እጅግ ዘረኛ የሆነ ጽሑፍ አተመ። ጸሐፊው በኮንጎ የተፈጸመውን ግፍ በማጋለጥ የታወቀው ኢ.ዲ. ሞረል ነበር። ክላውድ ማኬይ የተባለ ጃማይካዊ ገጣሚ መልስ ጽፎ ቢልክ ጋዜጣው አላትምም አለ። መልሱን ያተሙት ሲልቪያ ናቸው፤ ሰውዬውንም በጋዜጣቸው ቀጠሩት። ልብ እንበል፤ «ዴይሊ ሄራልድ» የባላጋራ ጋዜጣ አልነበረም፤ የራሳቸው ወገን ነበር። የባላጋራን ጋዜጣ አድልዎ ማየት ለማንም አይከብድም፤ የራስን ወገን ጋዜጣ አድልዎ ማየት ግን ብዙ ሰው ያቅተዋል። በዚያው ዓመት በባሕር ኃይሉ ውስጥ ስላለው ብሶት በወጡ ጽሑፎች ምክንያት ተከሰው ስድስት ወር ተፈረደባቸው። ጋዜጣዋም በ1924 ቆመች።

ከዚያ በኋላ በለንደን አቅራቢያ በምትገኘው ዉድፎርድ፣ ከጣሊያናዊው ስደተኛ ጋዜጠኛና አታሚ ከሲልቪዮ ኮሪዮ ጋር ይኖሩ ነበር። በጣሊያን የሚሆነውን ከእርሱና ከስደተኛ ወዳጆቹ ይሰሙ ስለነበር የፋሺዝምን ምንነት ቀድመው ተረድተዋል። በመስከረም 1928 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ጦር አገራችንን ሲወር ዝግጁ ነበሩ።

የዚያን ጊዜ የውጭ ጋዜጠኞች አዲስ አበባን አጥለቅልቀዋት ነበር። «ዴይሊ ሜይል» በግልጽ የጣሊያንን ወገን ይዞ የላከው ደራሲውን ኢቭሊን ዋን ነው፤ እርሱም ለወራሪው ማዘኑን አልደበቀም። ከሆቴል ወሬ በስተቀር የሚልኩት ያጡት ጋዜጠኞች ብዙዎቹ ጦርነቱ ገና ሳይፋፋም ተመልሰው ሄዱ። የሰናፍጭ ጋዙ በሰፊው ሲዘንብ የዓይን ምስክሮቹ ጥቂት ነበሩ። እርግጥ ሁሉም አንድ አልነበሩም፤ የለንደኑ «ታይምስ» ዘጋቢ ጆርጅ ስቲር ያየውን በሐቅ በመጻፉ ጣሊያኖች አባርረውታል። አንድ ሐቀኛ ዘጋቢ ግን ባለቤቶቹ ፊታቸውን ሲያዞሩ ወሬውን ብቻውን በሕይወት ሊያቆየው አይችልም።

ሲልቪያ በመጀመሪያ ለጋዜጦቹ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ደብዳቤ እንደማይበቃ ሲገባቸው ጋዜጣ አቋቋሙ። «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የመጀመሪያ እትሙ የወጣው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያ ቀን የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባበት ቀን ነው። ሌሎቹ ጉዳዩ አለቀ ባሉበት ዕለት እርሳቸው ጀመሩ። ጋዜጣው ስለ ጋዙ፣ ስለ የካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ፣ ስለ አርበኞቹ ውጊያ በየሳምንቱ ጻፈ። በምዕራብ አፍሪካና በካሪቢያን ደሴቶችም ተነበበ። እ.ኤ.አ. በ1938 የእንግሊዝ መንግሥት የጣሊያንን ወረራ ሲያጸድቅ እንኳ አልቆመም። በ1940 ሙሶሊኒ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ሲያውጅ ግን ኢትዮጵያ የተባለች አገር እንዳለች ሁሉም በድንገት ትዝ አለው። አገሪቱም አርበኞቹም በቦታቸው ነበሩ፤ የተለወጠው የለንደን ጥቅም ብቻ ነው።

ድል ከተገኘ በኋላ ሥራቸው አበቃ አላሉም። የገዛ መንግሥታቸው ኦጋዴንንና ኤርትራን በወታደራዊ አስተዳደር ማቆየቱን ነቀፉ፤ በምጽዋ ወደብ ንብረት ሲነቀል አጋለጡ። የእንግሊዝ ሹማምንት እጅግ ተሰላቹባቸው። በነርስነት ሠልጥነው በ1942 በለጋ ዕድሜያቸው ላረፉት ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ የሆነውን ሆስፒታል ለማሠራትም ገንዘብ አሰባሰቡ። ጋዜጣው ሃያ ዓመት ከወጣ በኋላ በ1956 ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ ገብተው «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለውን ወርኃዊ መጽሔት ማዘጋጀት ጀመሩ።

እንግዲህ አንባቢ፣ ሚስ ሲልቪያስ ራሳቸው ወገንተኛ አልነበሩምን? ብሎ ቢጠይቅ ትክክል ነው። ነበሩ። በሕግ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ከሚነገረን ነገር አንዱ የጠበቃና የዳኛ ልዩነት ነው። ጠበቃ ለማን እንደቆመ ይታወቃል፤ ማስረጃውን ያቀርባል፤ ሌላው ወገን ይሞግተዋል። አደጋው ጠበቃ የዳኛ ካባ ለብሶ ሲቀመጥ ነው። የሲልቪያ ጋዜጣ ለማን እንደቆመ ከስሙ ጀምሮ ግልጽ ነበር። ዛሬ የሚያንገበግበን ሁሉም ሚዛናዊ ነኝ እያለ ሚዛኑን ሲያጋድል ማየታችን ነው።

የእርሳቸውም ሥራ ጉድለት አለው። በኤርትራ ጉዳይ የተከራከሩት የአንድነቱን ወገን ይዘው ነው፤ ነጻነትን የሚሹ ኤርትራውያን በዚያ ጋዜጣ ጠበቃ አልነበራቸውም። የእንግሊዝን መንግሥት ያላስቀመጡት ሰው አዲስ አበባ ሲገቡ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት አልሞገቱም። መጽሔቱ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ሆስፒታሉ፣ ስለ ታሪኩና ስለ ባህሉ ብዙ ጠቃሚ ነገር አስቀርቶልናል፤ ስለ ገበሬው ብሶትና ስለ ወጣቱ ቅሬታ ግን ከእርሱ የሚገኘው ጥቂት ነው። እርሳቸው ባረፉ በሦስተኛው ወር፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ የክቡር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት ፈነዳ። ወዳጅን መሞገት ጠላትን ከመሞገት ይልቅ ይከብዳል፤ በ«ዴይሊ ሄራልድ» ላይ ያሳዩት ድፍረት እዚህ ቢደገም ኖሮ ለአገሪቱ ይበጅ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሚስ ሲልቪያ ያረፉት በመስቀል በዓል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው። ወለተ ክርስቶስ ተብለው፣ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት፣ በመንግሥት ሥነ ሥርዓት ተቀበሩ።

ያ ጋዜጣ ያለ አንባቢ ሃያ ዓመት ባልኖረ ነበር። ገዝተው የሚያነቡ፣ መዋጮ የሚልኩ፣ ለጎረቤት የሚያቀብሉ ሰዎች ነበሩት። እኛስ? የሰፈር ሐሜት የሚሸጠውን በሺህ እየተሻማን፣ ዘጋቢውን ወረዳ ድረስ ልኮ መዝገብ የሚያገላብጠውን ጋዜጣ አከፋፋዩ ዘንድ አቧራ እንዲጠጣ ከተውነው፣ ገበያው የጠየቀውን ነው የሚያቀርብልን። አንድ ጋዜጣ ሲያዳላ ደብዳቤ እንጻፍለት፤ ሲዋሽ ሕጉ የሰጠንን የመልስ መብት እንጠቀም፤ ደህና ሲሠራም ሒሳቡን እንክፈል። የምንወደው ጋዜጣ ሲያዳላ ደግሞ ከሁሉ በፊት እኛ አንባቢዎቹ እንናገረው።