ሂዴትሱጉ ያጊ፦ ስማቸው በየጣራው የቆመ መሐንዲስ

በቆርቆሮ ጣራ ላይ ከፍ ብሎ የቆመ፣ የዓሣ አጥንት የሚመስል አንቴና ያላየ ሰው ጥቂት ነው። በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ዓ.ም ከተጀመረ በኋላ፣ ዲሽ በየቤቱ እስኪገባ ድረስ፣ ምስልና ድምፅ ወደ ብዙዎች ቤት የገባው በዚህ ዓይነቱ አንቴና ነበር። አንዱ ጣራ ላይ ወጥቶ ብረቱን ሲያዞር፣ ሌላው በመስኮት ብቅ ብሎ ምስሉ መጣ ወይም ጠፋ እያለ የሚናገርበትን ዘመን የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው። ይህ አንቴና በዓለም ዙሪያ የሚጠራው በጃፓናዊው መሐንዲስ በሂዴትሱጉ ያጊ ስም ነው። ነቢይ በሀገሩ አይከበርም እንዲሉ፣ የእኚህ ሰው ሥራ ባሕር ተሻግሮ ሲሠራበት የገዛ ሀገራቸው ለዓመታት ሳታስተውለው ቆይታለች።

ያጊ የተወለዱት እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1886 በኦሳካ ከተማ ነው። በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተምረው እ.ኤ.አ. በ1909 ተመረቁ፤ ከዚያም በሰሜናዊቷ የሰንዳይ ከተማ መምህር ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1913 ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ጀርመን ተላኩና በድሬስደን ከተማ በፕሮፌሰር ሃይንሪሽ ባርክሃውዘን ሥር የሬዲዮ ሞገድን ምሥጢር ማጥናት ጀመሩ። በቀጣዩ ዓመት ግን የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ጃፓን ከጀርመን ተቃራኒ ጎራ በመሰለፏ ያጊ ወደ ድሬስደን መመለስ አልቻሉም። ትምህርታቸውን ሳያቋርጡ ወደ ለንደን ተሻግረው ከጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ ዘንድ፣ ቀጥሎም በአሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ከጆርጅ ፒርስ ዘንድ ዕውቀት ቀሰሙ። እ.ኤ.አ. በ1916 ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ በዘመኑ የሬዲዮ ሳይንስ ቁንጮ ከነበሩ ከሦስት ሀገራት መምህራን የተማሩ ሰው ነበሩ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሰንዳይ በሚገኘው ቶሆኩ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ። በዚያ ዘመን ዓለም ለሬዲዮ ግንኙነት የሚጠቀመው በአብዛኛው ረጃጅም ሞገዶችን ነበር። ያጊ ግን የወደፊቱ ዘመን የአጫጭር ሞገዶች እንደሚሆን አምነው ምርምራቸውን ወደዚያ አዞሩ። ለምርምሩ የሚያስፈልገው ገንዘብ የተገኘው ደግሞ ከእርሻ መሬት ነው። በሚያጊ ግዛት ሰፊ የሩዝ መሬት የነበረው የሳይቶ ቤተሰብ ያቋቋመው የበጎ አድራጎት ድርጅት ለያጊና ለባልደረቦቻቸው ድጋፍ አደረገ። ስለዚህም የዛሬው የጣራ አንቴና ሲወለድ የሩዝ ማሳ ሀብት ድርሻ ነበረው ማለት ይቻላል።

በቤተ ሙከራው ውስጥ የዕለት ተዕለቱን ልፋት የተሸከሙት የያጊ ረዳት ሺንታሮ ኡዳ ነበሩ። ኡዳ እ.ኤ.አ. በ1896 በቶያማ ግዛት የተወለዱ ሲሆን፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የያጊ ተማሪ ነበሩ። ዘንግ ከዘንግ እያራራቁ፣ ርዝመቱን እየቀነሱና እየጨመሩ፣ ውጤቱን አንድ በአንድ እየለኩ ለዓመታት ሠሩ። የደረሱበት ግኝት ለዓይን ቀላል ቢመስልም እጅግ የሚያስደንቅ ነበር።

በአንቴናው ላይ ከቴሌቪዥኑ ገመድ ጋር የሚገናኘው አንድ ዘንግ ብቻ ነው። ከእርሱ በስተኋላ በጥቂቱ የሚረዝም ዘንግ፣ ከፊቱ ደግሞ በጥቂቱ የሚያጥሩ ሌሎች ዘንጎች ይደረደራሉ። እነዚህ ከምንም ገመድ ጋር አይገናኙም። ሆኖም ከሩቅ የመጣው ሞገድ ሲነካቸው እነርሱም በተራቸው ሞገድ ይመልሳሉ። ልካቸውና ርቀታቸው ከተስተካከለ፣ ከፊት ያሉት ሞገዱን ወደ ዋናው ዘንግ ይመራሉ፤ የኋለኛው ደግሞ አልፎ ሊሄድ የነበረውን ወደ ፊት ይመልሳል። ነገሩ በመስኖ ለሚያለማ ገበሬ እንግዳ አይደለም። ቦይ ውኃ አይጨምርም፤ በየአቅጣጫው ሊባክን የነበረውን ውኃ ግን ወደ አንድ መደብ ያደርሳል። የያጊ አንቴናም በሚቀበልበት ጊዜ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ሳይፈልግ ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣውን ደካማ ሞገድ አጠናክሮ ይቀበላል።

የፈጠራው የባለቤትነት ማረጋገጫ ማመልከቻ በጃፓን የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1925 መጨረሻ ሲሆን፣ የቀረበውም በያጊ ስም ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሁለቱ ሰዎች በጋራ ጽሑፍ አሳተሙ። ኡዳ የምርምራቸውን ዝርዝር በተከታታይ ያወጡት ግን በጃፓንኛ ነበርና ከሀገር ውጭ ያነበበው ጥቂት ነው። ያጊ እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ አሜሪካ ተጉዘው ግኝቱን ለመሐንዲሶች አስረዱ፤ በእንግሊዝኛ ያሳተሙት ጽሑፍም በብዙ ሀገራት ተነበበ። በጽሑፉ ውስጥ የኡዳን ድካም ባይዘነጉም፣ የውጭው ዓለም የያዘው የያጊን ስም ብቻ ነበር። የአሜሪካው የባለቤትነት መብት እ.ኤ.አ. በ1932 ሲጸድቅም አንቴናው በያጊ ስም ተመዘገበ። ከጊዜ በኋላ የሙያው ሰዎች የያጊ-ኡዳ አንቴና ብለው መጥራት ቢጀምሩም፣ በገበያና በተራው ሰው አፍ የቀረው የአንደኛው ስም ነው።

አንቴናው በውጭ ሀገር እንዲህ ሲታወቅ የጃፓን ጦር ኃይል ብዙም ትኩረት አልሰጠውም። የዚህ ቸልተኝነት ዋጋ የታወቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1942 ጃፓን ሲንጋፖርን ስትይዝ ወታደሮቿ ስለ ብሪታንያ ራዳር የሚያትት ማስታወሻ ደብተር አገኙ። በማስታወሻው ውስጥ ያጊ የሚል ቃል ተደጋግሞ ተጽፏል። የጃፓን ባለሙያዎች የቃሉ ትርጉም ግራ ገባቸው፤ ምርኮኛውን ብሪታንያዊ ወታደር ሲጠይቁትም አንቴናውን የፈጠረው የጃፓናዊው ፕሮፌሰር ስም መሆኑን ነገራቸው። የገዛ ወገናቸውን ሥራ ከጠላት ምርኮኛ አፍ ሰሙት። እ.ኤ.አ. በ1945 በሂሮሺማና በናጋሳኪ ላይ የተጣሉት የአቶሚክ ቦምቦች እንኳ ከምድር ያላቸውን ከፍታ የሚለኩት ይህንኑ ዓይነት አንቴና በተገጠመለት መሣሪያ ነበር።

ያጊ በነዚያ ዓመታት ከጦርነቱ ርቀው የኖሩ ሰው አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1942 የቶኪዮ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ1944 ደግሞ የመንግሥትን የቴክኖሎጂ ቦርድ እንዲመሩ ተሾሙ። ጃፓን ከተሸነፈች በኋላ በዚህ ኃላፊነታቸው ምክንያት ለተወሰነ ጊዜ ከሕዝባዊ ሥራ ታገዱ። ከጦርነቱ በፊት ግን በጎ አሻራ አኑረዋል። በኦሳካ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክፍሉን ሲያደራጁ ወጣቱን ሂዴኪ ዩካዋን ቀጥረው ነበር። ዩካዋ በዚያ ሳሉ የጀመሩት ምርምር እ.ኤ.አ. በ1949 ለጃፓን የመጀመሪያውን የኖቤል ሽልማት አስገኘ።

እ.ኤ.አ. በ1952 በስማቸው የተሰየመ የአንቴና ኩባንያ ተቋቋመ፤ እርሳቸውም መሪው ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት የካቲት ወር የጃፓን ቴሌቪዥን መደበኛ ሥርጭቱን ጀመረ፤ ለጦርነት የዋለው አንቴናም በሰላም በየጣራው ላይ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1956 የጃፓን መንግሥት የባህል ኒሻን ሸለማቸው።

የሁለቱ መሐንዲሶች ልኬት ዛሬም ራቅ ካለ ማሠራጫ ጣቢያ ሥርጭት ለመቀበል አንቴና ለሚመርጥ ሰው መመሪያ ይሆናል። የመጀመሪያው ጉዳይ የዘንጉ ርዝመት ነው። ዋናው ዘንግ የሚቀበለውን ሞገድ ግማሽ ያህል መሆን አለበት። በ200 ሜጋ ኸርዝ ለሚሠራጭ ቻናል ይህ 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በ600 ሜጋ ኸርዝ ለሚሠራጭ ግን 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ጣቢያው በየትኛው የሞገድ ክልል እንደሚሠራጭ ሳያጣሩ አንቴና መግዛት፣ የአፈሩን ጠባይ ሳያውቁ ዘር እንደመግዛት ነው።

ሁለተኛው የዘንጎቹ ብዛት ነው። ዘንግ በበዛ ቁጥር አንቴናው ሩቅ ያለውን ደካማ ሞገድ የመቀበል ኃይሉ ይጨምራል። ነገር ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ዘንግ የሚያስገኘው ጥቅም ከቀደመው እያነሰ ይሄዳል፤ የሚያየው አቅጣጫም እየጠበበ ይመጣል። ባለ ብዙ ዘንግ አንቴና ፊቱን በትክክል ወደ ማሠራጫው ካላዞሩት ከትንሹ ሊያንስ ይችላል። ማሠራጫው ቅርብ ለሆነለት የከተማ ነዋሪ ጥቂት ዘንግ ያለው ይበቃዋል፤ በርቀት ላለ የገጠር ቤት ደግሞ ረጅሙ አንቴና ይመረጣል። አጫጭሮቹ ዘንጎች ያሉበት ጫፍ ወደ ማሠራጫው፣ ረጅሙ ዘንግ ያለበት ወደ ኋላ መሆኑንም ማረጋገጥ ያሻል።

ሦስተኛው ከፍታ ነው። የቴሌቪዥን ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ የምድር ክብነትና ተራራ ይጋርዱታል። በሜዳማ ስፍራ 100 ሜትር ከፍታ ካለው ማሠራጫ የሚወጣ ሞገድ፣ 10 ሜትር ከፍ ብሎ ለቆመ አንቴና በግርድፉ እስከ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሊደርስ ይችላል። በሸለቆ ውስጥ ያለ ቤት ግን ማሠራጫው ቅርብ ሆኖም ላያገኘው ይችላል። በእንዲህ ያለ ቦታ ዘንግ ከመጨመር ይልቅ የአንቴናውን መቆሚያ ማስረዘም ወይም ወደ ጉብታ ማውጣት ይጠቅማል። ዲሽ ግን ከሰማይ ሳተላይት ስለሚቀበል ሥራው ከዚህ የተለየ ነው።

ያጊ እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 1976 በ89 ዓመታቸው ዐረፉ። ኡዳም በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ተከተሏቸው። ሁለቱ የደከሙባት ሰንዳይ የምትገኝበት የሚያጊ ግዛት፣ በመሬት መንቀጥቀጥና በሱናሚ ከተጎዳች በኋላ፣ ከአጎራባቾቿ ጋር በመሆን በጃፓን ከነባሩ አናሎግ ወደ ዲጂታል የቴሌቪዥን ሥርጭት ከተሸጋገሩት የመጨረሻዎቹ ስፍራዎች አንዷ ነበረች። ይህም የሆነው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 ነው። ሥርጭቱ ሲለወጥ በየጣራው የቆመው አንቴና ቅርጹን አልለወጠም፤ አንድ ገመድ ያለው ዘንግ፣ ከኋላው አንድ ረዘም ያለ፣ ከፊቱ ደግሞ አጠር አጠር ያሉ።