የአልፍሬድ ኢልግ ሕይወትና የባቡር ኩባንያቸው

በእኛ ዲፓርትመንት የመመረቂያው ጊዜ ሲቃረብ ወሬው ሁሉ አንድ ነው። ሦስት አራት ሆነን እንደራጅ፣ ፈቃድ እናውጣና ሥራ ተቋራጭ እንሁን የሚል ነው። ማን ሳይት እንደሚውል፣ ማን ሒሳብ እንደሚይዝ፣ ማን ጨረታ እንደሚከታተል ገና ዲግሪያችንን ሳናይ ተከፋፍለን ጨርሰናል። ይህ ደስ የሚል ነገር ነው። ሆኖም በአገራችን ምህንድስናን ተምሮ፣ በወጣትነቱ ሥራ ጀምሮ፣ በኋላም የግንባታ ኩባንያ እስከማቋቋም የደረሰ ሰው ሲፈለግ ወደ ኋላ ብዙ መሄድ ያስፈልጋል። እኔ የመረጥኩት ሙሴ ኢልግ በመባል የሚታወቁትን የስዊስ ተወላጅ ነው። አንዳንዱ ጓደኛዬ ፈረንጅ ለምን መረጥክ ብሎኛል። ምክንያቴን ወደ በኋላ ይረዱልኛል። በተለይ የሐይቅና የአምባሰል ልጆች የሆናችሁ አንባቢያን ታሪኩ በደጃችን እንደሚያልፍ ታያላችሁ።

አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. መጋቢት 30 ቀን 1854 ፍራውንፌልድ በምትባል ትንሽ የስዊስ ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ገብተው ምህንድስና ተማሩ። ትምህርታቸው የመካኒክ ምህንድስና እንጂ የሲቪል አልነበረም። ይህ ግን እኛ አገር ከመጡ በኋላ ምንም ለውጥ አላመጣም፤ ምክንያቱም ያኔ በሸዋ የሚገኘው መሐንዲስ እርሳቸው ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል። ድልድይም፣ ቤትም፣ ቧንቧም፣ ጠመንጃም ሁሉም ወደ እርሳቸው ይመጣ ነበር።

እንዴት መጡ ለሚለው ጉዳዩ ወዲህ ነው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የአውሮፓ እጅ ሥራ የሚያውቁ ባለሙያዎች እንዲላኩላቸው ኤደን ወደብ ላይ ይነግድ በነበረ ፉረር በተባለ የስዊስ ሰው ድርጅት በኩል ጠየቁ። ኢልግም ዚመርማንና አፐንዘለር ከሚባሉ ሁለት የእጅ ሙያተኞች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1878 ተነሱ። ዘይላ ሲደርሱ የአካባቢው ገዢ አላሳልፍ ብሎ ለብዙ ጊዜ አገታቸው። በረሃውን አቋርጠው አንኮበር የገቡት በ1871 ዓ.ም. ጥር ወር አካባቢ ሲሆን ያን ጊዜ ኢልግ ገና 25 ዓመት አልሞላቸውም ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ በእኛ ዕድሜ ማለት ነው። ሦስት ሰው፣ አንድ መሐንዲስና ሁለት ባለ እጅ። ሀገሩን አያውቁ፣ ቋንቋውን አያውቁ፣ ከባህር ጠረፍ እስከ አንኮበር መኪና የሚሄድበት ቀርቶ ጋሪ የሚሄድበት መንገድ የለም።

ምኒልክ መጀመሪያ የሰጧቸው ሥራ ጫማ መስፋት እንደነበረ ይነገራል። ፖሊቴክኒክ የጨረሰ ሰው ጫማ ስፋ ሲባል ምን እንደሚሰማው መገመት ነው። ኢልግ ግን አልተቆጡም፤ ሰፍተው አመጡ። ቀጥሎ ጠመንጃ ሥራ ተባሉ። ከአውሮፓ ቢገዛ በብዙ እጥፍ ይረክሳል ብለው ቢያስረዱም ንጉሡ አልተቀበሉም፤ እናም ጠመንጃውን ሠርተው አስረከቡ። ይህ ታሪክ እንደ ቀልድ ይወራል እንጂ ለእኔ ቀልድ ብቻ አይመስለኝም። ምኒልክ ሰውየው የሚያወራ ነው ወይስ የሚሠራ የሚለውን እየፈተኑ ነበር። በዛሬ አነጋገር የሥራ ልምድ ማስረጃ ጠየቁ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው እየበዛ ሄደ። በ1870ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠሩ። ዛሬ እኛ ድልድይ ሲባል የምናስበው ሲሚንቶና ፌሮ ነው። ያኔ ግን ሁለቱም አልነበሩም። ግንዱ በሰው ትከሻ ነበር የሚጓጓዘው፤ ምስማርና ማሰሪያውም እዚያው መቀጥቀጥ ነበረበት። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ከእንጦጦ ወደ አዲስ አበባ ሲወርድም በግንባታው ውስጥ እጃቸው አለበት። በ1886 ዓ.ም. ደግሞ ከእንጦጦ ተራራ ሥር ውሃ በቧንቧ ጠልፈው ወደ ቤተ መንግሥቱ አስገቡ። ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ነው፤ ስለዚህ ውሃው ከተራራው ወርዶ ሸለቆ ውስጥ ገብቶ እንደገና ሽቅብ መውጣት ነበረበት። ውሃ ሽቅብ ሲወጣ ያየ ሰው ቢደነቅ አይፈረድበትም። እኛ የሃይድሮሊክስ ኮርስ የወሰድን ግን ምንጩ ከመድረሻው ከፍ ካለና ቧንቧው ግፊቱን ከቻለ ውሃው ራሱ እንደሚወጣ እናውቃለን። ፈተናው ቀመሩ አልነበረም፤ ፈተናው ከባህር ማዶ በግመልና በበቅሎ የመጣን ቧንቧ ሳያፈስ መገጣጠሙ ነበር።

ኢልግ አማርኛ አቀላጥፈው ተናገሩ። ይህ ከብዙዎቹ ፈረንጆች ለይቷቸዋል። በነገራችን ላይ ሐረር ይነግድ ከነበረው ከፈረንሳዩ ገጣሚ ከአርቱር ራምቦ ጋር ለዓመታት ስለ ዕቃና ስለ ግመል ይጻጻፉ ነበር። አንድ ጊዜ ራምቦ በቅሎና ሁለት ባሪያ ልጆች እንዲገዙለት ቢለምናቸው ባሪያ ገዝተው እንደማያውቁና መጀመርም እንደማይፈልጉ ገልጸው እምቢ ብለውታል። ይሁን እንጂ መልአክ አድርገን አንሣላቸው፤ የጦር መሣሪያ ንግድም በእጃቸው ያልፍ ነበር።

አሁን ወደ አምባሰል እንምጣ። ከሐይቅ ከተማ ተነስቶ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ የሄደ ሰው ውጫሌን ያልፋል። ውጫሌ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ነች። ይስማ ንጉሥ የሚባለው ቦታም እዚያው ነው። አፄ ዮሐንስ በመተማ ከወደቁ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የጣልያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ የውጫሌን ውል የተፈራረሙት በዚህ ስፍራ ነበር። ውሉ በአማርኛና በጣልያንኛ የተጻፈ ሲሆን ችግሩ የመጣው በአንቀጽ 17 ነው። አማርኛው ምኒልክ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ ከፈለጉ በጣልያን መንግሥት መገልገል እንደሚችሉ ይናገራል። ጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። የአንድ ግሥ ልዩነት ነው እኮ! ጣልያን በዚህ ተመርኩዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች። ምኒልክም ነገሩን በቅጡ የተረዱት ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ የጻፉት ደብዳቤ በጣልያን በኩል ይሁን የሚል መልስ ሲመጣባቸው ነው።

በዚህ ክርክር ኢልግ ከምኒልክ ጎን ቆሙ። የአውሮፓን ቋንቋም የአውሮፓን ጋዜጣም የሚያነቡ፣ ንጉሠ ነገሥቱም የሚያምኗቸው ስለነበሩ በአማካሪነትና በአስተርጓሚነት ብዙ ሠርተዋል። በየካቲት 1885 ዓ.ም. ምኒልክ የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን ለኃያላን መንግሥታት አስታወቁ። በዚያው በየካቲት ወር ደግሞ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ግንባታን እንዲያጠኑ ፈቃድ ሰጧቸው። እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ ወር መሆናቸው ለእኔ በአጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። ከጣልያን እጅ የወጣ አገር የራሱ የባህር በር መንገድ ያስፈልገዋልና።

ስለ ባቡሩ ሐሳብ ኢልግ ቀደም ብለው ሞዴል ሠርተው ለንጉሡ አሳይተው እንደነበር ይነገራል። ፈቃዱ በሙሉ ቃል የተሰጠው መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ነው። ለ99 ዓመት የሚቆይ ሲሆን መስመሩ በሦስት ተከፍሎ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ እስከ ከፋና ነጭ አባይ እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ከሐዲዱ ጎን የቴሌግራፍ መስመርም ይዘረጋል። ንጉሠ ነገሥቱ የአክሲዮን ድርሻ ያገኛሉ፤ ዓመታዊው ትርፍ ከ3 ሚሊዮን ፍራንክ ሲያልፍም ከዚያ በላይ ያለው ግማሹ የእርሳቸው ይሆናል። ኢልግ ያኔ ወደ 40 ዓመት ተጠግተው ነበር። አንኮበር ከገቡ 15 ዓመታቸው ነው። አያችሁ፤ ኩባንያ ለማቋቋም ከመድረሳቸው በፊት 15 ዓመት ሠርተዋል።

ይሁን እንጂ ፈቃድ መያዝና ገንዘብ ማግኘት የተለያዩ ናቸው። ኢልግ ሊዮን ሼፍኖ ከሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ ጋር ተሻርከው አክሲዮን ለመሸጥ አውሮፓን ዞሩ። የሚሰማ አልተገኘም። ጣልያን ነገ ትወስደዋለች ተብሎ በሚታሰብ አገር ማን ገንዘቡን ያፈሳል? ሁኔታው የተለወጠው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ነው። ከድሉ በኋላ ፈረንሳይ ሐዲዱ በጅቡቲ ግዛቷ እንዲያልፍ ፈቀደች፤ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1896 ኩባንያው በፓሪስ ተቋቋመ። ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው የሰላም ውልም የውጫሌ ውል ተሰረዘ። ስለዚህ የመጀመሪያው የባቡር ኩባንያ ካፒታል የተገኘው በአድዋ ዘማቾች ደም ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ኢልግም በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪነት ማዕረግ ተሰጣቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። የእነ ኢልግ ኩባንያ የፈቃድ ባለቤት ነበር እንጂ ቆፋሪውና ሐዲድ ዘርጊው እርሱ አልነበረም። የግንባታውን ሥራ በኮንትራት የወሰዱት ዱፓርሺና ቪጉሩ የተባሉ የፈረንሳይ ሥራ ተቋራጮች ናቸው። እኛ ክፍል ውስጥ ባለቤት፣ አማካሪና ተቋራጭ እያልን የምንሸመድደው ክፍፍል ያኔም ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1897 ጅቡቲ ላይ ተጀመረ። ውሃ የሌለበት በረሃ፣ ጎርፍ ሲመጣ ድልድይ የሚያስረዝም ደረቅ ወንዝ፣ መሬታችን ተወሰደ ብለው ከተነሱት ከኢሳዎች ጋር ግጭት፣ ይህ ሁሉ ወጪውን አናረው። ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ስለሚከብድና ስለሚወደድ መስመሩ ከሥር በሜዳው እንዲያልፍ ተደረገ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ 310 ኪ.ሜ. ገደማ ተጉዞ የቆመበት ቦታ ድሬዳዋ የሚባል ከተማ ሆነ። ድሬዳዋ የተወለደችው በመሐንዲስ ቁልቁለት ስሌት ነው ማለት ይቻላል።

ገንዘቡ ግን ከድሬዳዋ በፊት አልቆ ነበር። የእንግሊዝ ባለሀብቶች ቀስ በቀስ አክሲዮን እየገዙ ሲገቡ የፈረንሳይ መንግሥት ደነገጠ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1902 ፈረንሳይ ከኩባንያው ጋር ስምምነት ፈረመች፤ በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ልትደጉም፣ በምትኩ ኩባንያውን በቁጥጥሯ ሥር ልታደርግ። ምኒልክ አልተጠየቁም። ፈቃዱን የሰጡት እርሳቸው፣ መሬቱ የእርሳቸው፣ ስምምነቱ ግን ከእርሳቸው ጀርባ ተፈረመ። ሲሰሙ እጅግ ተቆጡ፤ ሐዲዱም ከድሬዳዋ እንዳያልፍ ከለከሉ።

የእኔ ሐሳብ እዚህ ላይ ነው። ይህ ነገር የውጫሌ ታናሽ ወንድም አይደለም? በውጫሌ ወረቀቱ ሁለት ቋንቋ ነበረው፤ በፓሪስ ደግሞ ወረቀቱ ሁለት ጌታ ነበረው። በውጫሌው ጉዳይ ለኢትዮጵያ የቆሙት ኢልግ በፓሪሱ ጊዜ የኩባንያው መሥራች ነበሩ። ሼፍኖ ነው የበለጠ የተንቀሳቀሰው፣ ኢልግ ምን ያድርጉ የሚል ይኖራል። እኔ በሙሉ አልስማማም። ዕዳ የገባ ኩባንያ መሥራች ባዶ እጁን ሆኖ ሲደራደር የማይገባውን አሳልፎ መስጠቱ አይቀርም፤ ግን የአንድ አገር መንግሥት አማካሪ ሆኖ የዚያው መንግሥት ተዋዋይ ኩባንያ መሥራች መሆን ራሱ መጀመሪያውኑ ትክክል አልነበረም። ዛሬ ቢሆን የጥቅም ግጭት ይባላል። ያኔ ስም አልወጣለትም እንጂ ነገሩ ያው ነው። በቅንነታቸው የማይጠረጠሩ ሰው መሆናቸው ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ አያቀለውም፤ ማንም ተው የሚላቸው አልነበረምና።

ከዚያ ወዲህ የኢልግ ተሰሚነት እየቀነሰ መጣ። አዲስ አበባ ውስጥ የየአገሩ ቆንስላዎች በዝተው ነበር፤ ሁሉም በየፊናው ንጉሠ ነገሥቱን ይጎትታል። ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1895 ዙሪክ ላይ ፋኒ ጋቲከርን አግብተው ይዘዋቸው መጥተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 ወደ ስዊስ ሄዱ፤ በዓመቱም ሥራቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ። ኩባንያቸው በዚያው ሰሞን ከሰረ። እ.ኤ.አ. በ1908 ምኒልክ ዶክተር ቪታልየን ለሚባሉ የግል ሐኪማቸው አዲስ ፈቃድ ሰጡ፤ ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያም ተቋቁሞ ሥራው ከድሬዳዋ ቀጠለ።

ሙሴ ኢልግ እ.ኤ.አ. ጥር 7 ቀን 1916 ዙሪክ ውስጥ በድንገት አረፉ። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ነው፤ ዓመቱ ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር በኢትዮጵያ የገና ዕለት ነበር። ምኒልክም ከእርሳቸው በፊት በ1906 ዓ.ም. አርፈዋል። በዚያ የገና ዕለት ሐዲዱ አዲስ አበባ አፋፍ አቃቂ ላይ ነበር። 784 ኪ.ሜ. ተጉዞ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ኢልግ ከኢትዮጵያ ይዘዋቸው የሄዷቸው ዕቃዎችና ያነሷቸው ፎቶግራፎች ዙሪክ ባለው የሕዝቦች ባህል ሙዚየም ገብተዋል።