የዋሽንት ጆሮ፦ ሐኪሙ ሬኔ ላኤኔክ

ሬኔ ላኤኔክ እ.ኤ.አ. በ1781 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር፣ በብሪታኒ ክፍለ ሀገር ተወለደ። እናቱን በሕፃንነቱ አጥቶ በናንት ከተማ ሐኪም በነበረው አጎቱ ዘንድ አደገ። በአብዮቱ ሁከት መካከል ሕክምና መማር ጀመረ፤ አባቱ ግን ሙያውን አልወደደለትም። ከትምህርቱ ጎን ዋሽንት ይነፋ፣ ግጥምም ይጽፍ ነበር። ይህን ጊዜ ማባከን የሚሉ አይጠፉም፤ እኛ ግን አንስማማም፤ ሞትን ዕለት ዕለት የሚያይ ተማሪ ነፍሱን የሚያሳርፍበት ያስፈልገዋልና።

በ1804 ዓ.ም. በፓሪስ ተመረቀ፤ ወደ እመቤታችን ማኅበርም ገባ። በ1816 ዓ.ም. በኔኬር ሆስፒታል ልቧን የታመመች ወጣት ሴት ቀረበችው። ጆሮውን በደረቷ ላይ ማኖር ነውር ስለ መሰለው ወረቀት ጠቅልሎ አዳመጠ፤ የልቧ ምት ጠርቶ ተሰማው። ስቴቶስኮፕ የተባለውን ማዳመጫ ኋላ ከእንጨት እየቀረጸ በገዛ እጁ ሠራው፤ መልኩም ከዋሽንት ብዙ አይርቅም። በሙዚቃ የሠለጠነ ጆሮው የሳንባን ድምፆች እንዲለይ ረድቶታል ብንል አናጋንንም፤ ከደም ሥር የሰማውን ዜማ እንኳ በኖታ ጽፏል።

መጽሐፉ በ1819 ዓ.ም. ታተመ። በሌሎች ደረት ሲመረምረው የኖረው የሳንባ ነቀርሳ እርሱንም ያዘው። ደረቱን ሐኪም የሆነ ዘመዱ በዚያው መሣሪያ አዳመጠ። በ1826 ዓ.ም. በ45 ዓመቱ በብሪታኒ ዐረፈ፤ ማዳመጫውንም ለዚሁ ዘመዱ ተናዞለት ነበር።