ዳግማዊ ምኒልክና የሀብት ዋጋ

ባንክ የገዛቸውን የገንዘብ ሰነዶች እንዴት እንደሚይዝና በምን ዋጋ በመዝገቡ ላይ እንደሚያሰፍር መመርመር ለሒሳብ ዐዋቂዎች ብቻ የተተወ ሥራ ይመስላል። እኛ መሐንዲሶች ግን ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። አንድ ድልድይ ሲሠራ ስንት ብር ፈጀ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ዛሬ ስንት ኩንታል ይሸከማል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው መልስ አድርጎ የሚያቀርብ ባለሙያ በመካከላችን ቢገኝ ፈቃዱን እንነጥቀዋለን። በባንክ ቤት ግን ይህ መደባለቅ ለብዙ ዘመን እንደ ጥንቃቄ ሲቆጠር ኖሯል። ልዩነቱን ለማስረዳት ከሠንጠረዥ ይልቅ የአንድን ሰው ሕይወት መርጫለሁ። ይኸውም ከብቱንም፣ ብሩንም፣ የምድር ባቡር አክሲዮኑንም፣ የባንክ ትርፍ ድርሻውንም በዘመናቸው የያዙት የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሕይወት ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት፣ አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ። አባታቸው በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ይዘው ሕፃኑን ወሰዷቸው። ለዐሥር ዓመት ያህል በቴዎድሮስ እጅ ከቆዩ በኋላ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ያለው የሸዋ ንግሥናቸውና በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት መሆናቸው በትምህርት ቤት የተማርነው ስለሆነ እዚህ አልደግመውም።

በነገሡበት ዘመን የአገሪቱ ዋነኛ የሀብት መዝገብ በረት ነበር። በወላይታም ሰው ከብቱን ሁሉ በአንድ ደጅ አያስርም፤ ከፊሉን በሐራ ለሌላ ሰው ያስጠብቃል፣ ከፊሉን በኮታ ከሌላው ጋር በድርሻ ይይዛል። አንዱ መንደር ግጦሽ ቢያጣ ወይም ሌባ ቢገባበት የሌላው መንደር ከብት ይተርፋል። ዛሬ ባንኮች ሀብትን በልዩ ልዩ ሰነድ ማከፋፈል የሚሉት ይኸው ነው። ነገር ግን ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የገባው የከብት መቅሠፍት፣ ክፉ ቀን የተባለውን ረሀብ ያስከተለው፣ በየመንደሩ የተበታተነውን ከብት ያለ ልዩነት ጨረሰው። ከአገሪቱ ከብት አብዛኛው አለቀ። በአምስት ቦታ የተከፋፈለ ሀብት አምስቱም ቦታ በአንድ በሽታ የሚጠቃ ከሆነ መከፋፈሉ በስም ብቻ ነው። ዛሬም ባንኩ የያዘው ሰነድ ሁሉ የአንድ መንግሥት ሰነድ ከሆነ የመዝገቡ ገጽ መብዛት አያስተማምንም።

በዚያው ክፉ ቀን ምኒልክ ከኢጣልያ አራት ሚሊዮን ሊሬ ተበደሩ። መያዣው የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነበር። የውጫሌ ውል ጠብ ሲያስነሣ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ ዕዳውንም ከፈሉ። መያዣ የሰጠ ተበዳሪ በአበዳሪው ላይ ለመነሣት አስቀድሞ መያዣውን ማስለቀቅ እንዳለበት የተረዱ ይመስለኛል። ከዚህ በኋላ ዐድዋ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ሆነ።

ከዐድዋ አስቀድሞ ግን 1887 ዓ.ም. አለ፤ በወላይታ ሶዶ ለምንገኝ የሙያ ባልደረቦች ይህ ዓመት በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ወራት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጦር እየመሩ፣ የጅማውን አባ ጅፋርን ጭምር አስከትለው፣ ወላይታ ላይ ዘመቱ። ካዎ ጦና ጋጋ ሕዝባቸውን አስተባብረው በብርቱ ተከላከሉ፤ በመጨረሻ ቆስለው ተማርከው ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። ዘመቻውን ተከትሎ የመጣው ፈረንሳዊው ነጋዴ ቫንደርሃይም ያየውን በመጽሐፍ አሳትሞታል። ያለቀው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር፤ ብዙዎችም በባርነት ተነዱ። የወላይታ ከብት ለንጉሠ ነገሥቱና ለሠራዊቱ ተከፋፈለ። በሸዋ በረት ባዶ በነበረበት ዘመን ያ መንጋ ምን ያህል ይከብድ እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። በንጉሡ ግምጃ ቤት በኩል ስናየው ያለ ግዢ ዋጋ የተገኘ ሀብት ነው። ወጪው ግን አልቀረም፤ የተጻፈው በወላይታ መዝገብ ነው። አገር ማቅናት እየተባለ ይህን ሒሳብ በአንድ ዐምድ ብቻ የሚያነቡ ጸሐፊዎች ጎደሎ ሒሳብ እንደሚያቀርቡ አምናለሁ።

ወላይታ እስከዚያ ድረስ የራሷ የመገበያያ ብረት ነበራት፤ ማርጩዋ ይባላል። መንግሥቱ ሲወድቅ የዚህ ብረት የገንዘብነት ዘመን እያበቃ ሄደ። ብረቱ ያው ብረት ነው፤ ክብደቱ አልጎደለም። የጎደለው ተቀባዩ ነው።

የሚያስገርመው በዚያው ዓመት ምኒልክ ራሳቸው ይህንኑ ነገር በራሳቸው ብር ማየታቸው ነው። በፓሪስ የተቀረጸው የምኒልክ ብር 1887 ዓ.ም. የሚል ዘመን ተጽፎበታል። በክብደትም በብር ጥራትም ከማርትሬዛው ጠገራ ብር ጋር ለክፉ የሚሰጥ ልዩነት አልነበረውም፤ ሁለቱም 28 ግራም ያህል ይመዝኑ ነበር። ገበያተኛው ግን የለመደውን የማርትሬዛን ፊት መረጠ፤ የንጉሠ ነገሥቱን ብር እኩል ለመቀበል ዐመነታ። አዋጅ ሁለቱ እኩል ናቸው አለ፤ ገበያ አይደሉም አለ። እንግዲህ በግምጃ ቤቱ መዝገብ ላይ የሚጻፈው የትኛው ነው?

ይህ ጥያቄ ዛሬም በየባንኩ ይነሣል። አንድ የገንዘብ ሰነድ ሦስት ዋጋ አለው ማለት ይቻላል። የተገዛበት ዋጋ አለው፤ ዛሬ ገበያ ቢወጣ የሚያወጣው ዋጋ አለው፤ እስከ ቀኑ ተጠብቆ ቢቆይ ከነወለዱ የሚያስገኘው አለ። ለምሳሌ ባንኩ በዓመት 3 በመቶ ወለድ የሚከፍል፣ አምስት ዓመት የሚቆይ የ100 ብር ሰነድ ገዛ እንበል። በማግሥቱ ገበያው ለተመሳሳይ ሰነድ 9 በመቶ መጠየቅ ቢጀምር ያ ሰነድ የሚሸጠው ወደ 77 ብር ገደማ ነው። ባንኩ ካልሸጠው አምስት ዓመት ቆይቶ 100 ብሩን ያገኛል። ሊሸጠው ከተገደደ ግን ከመቶው 23 ብር ቀለጠ ማለት ነው። አገራችንም የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደንብ የሚጠይቀው ይህን ነው፦ ሰነዱን የያዝከው እስከ ቀኑ ለመጠበቅ ነው ወይስ ለመሸጥ? መልሱ አስቀድሞ ይሰጣል፤ ዋጋው ከወደቀ በኋላ ልጠብቀው አስቤ ነበር ማለት አይፈቀድም።

ምሳሌው ከሐሳብ ብቻ የመጣ አይደለም። ከ2003 ዓ.ም. እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚያበድሩት ገንዘብ 27 በመቶ ያህል በብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲያውሉ ይገደዱ ነበር። ሰነዱ የአምስት ዓመት ነበር፤ ወለዱ መጀመሪያ ላይ 3 በመቶ፣ ባንኮቹ ለቆጣቢው የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ 5 በመቶ ነበር። መመሪያው በወጣ ዓመት የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው በ2017 ዓ.ም. ስለሆነ በዚያን ጊዜ ሰነዱን አውጥቶ የሚሸጥበት የተደራጀ ገበያ አልነበረም። በመዝገቡ ላይ መቶው ብር መቶ ሆኖ ይነበብ ነበር፤ ስሕተት ግን አይባልም፤ ባንኩ እስከ ቀኑ ለመጠበቅ ተገዷልና።

ወደ ምኒልክ እንመለስ። በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የ99 ዓመት የምድር ባቡር ፈቃድ ሰጡ። በለውጡ ንጉሠ ነገሥቱ አክሲዮንና ከሦስት ሚሊዮን ፍራንክ በላይ ከሚሆነው ትርፍ እኩሌታውን እንዲያገኙ ተወሰነ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ኩባንያው ግን ገንዘብ አጠረው፤ የፈረንሳይ መንግሥት በድጎማ ስም ገባበት፤ ምኒልክም ሉዓላዊነታቸው እንደ ተነካ አይተው ሥራው እንዳይቀጥል ከለከሉ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1907 ከሰረ። ሦስት ሚሊዮን ፍራንክ የትርፍ ወለል ባልተነካበት ሁኔታ የእኩሌታው መብት ምን ያህል ይመዘን? በወረቀት ላይ የተጻፈ መብት ነበር፤ የሚያመጣው ገቢ ግን አልነበረም። እንደ እኔ ፍርድ ምኒልክ እዚህ ላይ ትክክለኛውን አደረጉ፤ የድርሻቸውን ዋጋ ለመጠበቅ ሲሉ አገሩን አላስያዙም። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ሰጡ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም.፣ እርሳቸው ካረፉ በኋላ ነው።

ባንኩም በዚሁ መንፈስ መጣ። በመጋቢት 1897 ዓ.ም. ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ተወካይ ጋር የ50 ዓመት ውል ተፈረመ፤ የአቢሲኒያ ባንክ በ500 ሺሕ ፓውንድ ካፒታል ተቋቁሞ በየካቲት 1898 ዓ.ም. በሩን ከፈተ። ገንዘብ የማውጣትና የመንግሥትን ገንዘብ የማስቀመጥ ብቸኛ መብት ተሰጠው፤ ከትርፉ 20 በመቶ ለንጉሠ ነገሥቱ ተመደበ። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የገንዘብ ሚኒስቴርን በጅሮንድ ሙሉጌታ ያዙ። እቴጌ ጣይቱም ባንኩ የባዕድ ነው በማለት ሌላ የእርሻና የንግድ ማበልጸጊያ ድርጅት አቋቋሙ።

በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ምኒልክ ከቀደመው የበረታ ሕመም ወደቀባቸውና አንደበታቸው ተያዘ። ዐሥር ቀን ያህል እንደ ቆየ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 7 ቀን 1909፣ ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት በአሜሪካ የምድር ባቡር ኩባንያዎች አክሲዮን ብዙ ገንዘብ እንዳዋሉ፣ በፈረንሳይና በቤልጂግ የማዕድን ሥራም ድርሻ እንዳላቸው ዘገበ። ጋዜጣ የሒሳብ መዝገብ አይደለምና ዘገባውን በመጠኑ መቀበል ይበጃል። ሆኖም ነገሩ ከጠባያቸው ጋር ይስማማል፤ በአንድ በሽታ የማያልቅ ሀብት፣ ከአገር ውጭ፣ በልዩ ልዩ ሥራ ላይ። ጊዜውን ማየት ያስፈልጋል፦ ከሁለት ዓመት በፊት በጥቅምት 1907 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ ገበያ በድንጋጤ ወድቆ ነበር። ያን ጊዜ ገንዘብ ቸግሮት የሸጠ ከሰረ፤ ሳይቸግረው የቆየ ዋጋው ሲያገግም አየ። በሰነድ ሀብት ዘንድ ትልቁ ጉልበት መጠበቅ መቻል ነው፤ መጠበቅ የሚችለውም ነገ የሚከፍለው ዕዳ የማያጣድፈው ብቻ ነው።

በሶዶ ባንክ የሚመራ ሰው ይህን በየዓመቱ መስከረም ያየዋል። ጊፋታ ሲደርስ ቤተሰቡ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ለሠንጋና ለቅቤ ያወጣል። ባንኩ የቆጣቢውን ገንዘብ በአምስት ዓመት ሰነድ ላይ ቢያስር በዚያን ሳምንት 77 ብር ወደሚለው ገበያ ይገፋል። ስለዚህ የግምጃ ቤት ሰነድ 28፣ 91፣ 182 እና 364 ቀን ተብሎ መከፈሉ ለእርሱ ጌጥ አይደለም። በሰኔ መጀመሪያ የተገዛ የ91 ቀን ሰነድ በመስከረም መባቻ ጥሬ ገንዘብ ይሆናል። ከዚያ የተረፈውን፣ ማንም የማይጠይቀውን ገንዘብ፣ ለረጅሙ ሰነድ መስጠት ይቻላል። ለሁለቱ የተለያየ መዝገብ ይኖራቸዋል።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ሞታቸውም ለጊዜው ከሕዝብ ተሰውሮ ቆየ። የአቢሲኒያ ባንክ ከእርሳቸው በኋላ፣ በ1907 ዓ.ም.፣ የወረቀት ገንዘብ አወጣ። የ50 ዓመቱ ውል ግን 26 ዓመት ገደማ እንደ ሆነው፣ በ1923 ዓ.ም.፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ባንኩን ለመንግሥት ገዙት። ለባለአክሲዮኖቹ የተከፈለው 235 ሺሕ ፓውንድ ነው፤ በስፍራውም የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ።