ቡናማው ኮንዶር፦ በሩ ሲዘጋበት በሰማይ የገባው አብራሪ

ቡናማ ሲባል የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ጆሮው ቢቆም አይፈረድበትም። የዛሬው ቡናማ ግን ኳስ ተጫዋች አይደለም፤ ማልያም ለብሶ አያውቅም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በተመሠረተበት በዚያው በ1928 ዓ.ም. ጣሪያ በሌላት፣ ክንፏ በጨርቅ በተለበጠ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ ጦር ግንባር ሲመላለስ የነበረ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ስሙ ጆን ቻርለስ ሮቢንሰን ይባላል። በአገሩ የወጣለት ቅጽል ስም ደግሞ ቡናማው ኮንዶር ነው። ኮንዶር በአሜሪካ ተራሮች ላይ የሚያንዣብብ ግዙፍ አሞራ ነው።

ሰውየው የሠራውን ሥራ ክብደት ለመረዳት የጅማን መንገድ ማሰብ ይበቃል። ቡድኑን ተከትሎ ወደ ጅማ የወረደ ደጋፊ መንገዱን በቃሉ ያውቀዋል። ወሊሶ፣ ወልቂጤ፣ ከዚያ የጊቤ ቁልቁለትና ሙቀቱ፣ ከዚያ ዳገቱ፣ ከዚያ ሰኮሩ። አሰንዳቦ ሲደረስ አውቶብሱ ውስጥ ዘፈኑ ይደምቃል። ሰርቦ ብቻ ነው የቀረው፤ ጅማ ደረሰች ማለት ነው።

አሁን አውቶብሱም፣ አስፋልቱም፣ ሾፌሩም የሉም እንበል። ደጋፊው ብቻውን ሰማይ ላይ ነው። ፊቱን ንፋስ ይገርፈዋል፣ ሞተሩ ጆሮውን ያደነቁረዋል፣ ጭኑ ላይ ያሰራትን ካርታ ንፋሱ ሊነጥቀው ይታገላል። ሬዲዮ የለም። ያለው ኮምፓስ፣ ሰዓትና ሁለት ዓይን ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ በቀጥታ መስመር 250 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ለምትበር ትንሽ አውሮፕላን ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። ንፋስ ከጎን ገፍቶ በ10 ዲግሪ ቢያስታት 100 ኪሎ ሜትር ከበረረች በኋላ ከመስመሯ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃለች። ይሄኔ አሰንዳቦ ይታያል ብሎ አንገቱን ቢያሰግግ የሚያየው ጫካና ኮረብታ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ይሻላል? የድሮ አብራሪዎች መልስ አንድ ነበር። የሚመጣውን ምልክት በቅደም ተከተል መያዝ። አሁን የጊቤ ሸለቆ መምጣት አለበት፤ በዚህ ሰዓት ካልመጣ አንድ ነገር ተሳስቷል። ወንዝ ከተገኘ ወንዙን መያዝ ነው፤ ወንዝ አይዋሽም። ዛሬ ቢሆን ከአሰንዳቦ አቅራቢያ የተኛው የጊልጌል ጊቤ ግድብ ውሃ ከሩቅ የሚያብረቀርቅ ምልክት ይሆን ነበር። በ1928 ዓ.ም. ግን ግድቡ አልነበረም። የሮቢንሰን የጦርነት በረራ ደግሞ ወደ ሰሜን ነበር፤ ዘዴው ግን ያው ነው። ይህን ዘዴ እዚህ ከመምጣቱ በፊት በአገሩ ሰማይ ላይ፣ ብዙ ዋጋ ከፍሎ ተምሮታል።

መጥረጊያ ይዞ ክፍል የገባ ተማሪ

ሮቢንሰን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ በፍሎሪዳ ተወልዶ ሚሲሲፒ ውስጥ በምትገኘው የወደብ ከተማ ገልፍፖርት አደገ። ያ ጊዜ በአሜሪካ ደቡብ ለጥቁር ልጅ ክፉ ጊዜ ነው። አውሮፕላን ማብረር ቀርቶ ነጭ በተቀመጠበት ወንበር መቀመጥ ያስቀጣል። ልጁ ግን ከትንሽነቱ ጀምሮ ልቡ ከሰማይ አልወረደም። በአላባማ በሚገኘው የጥቁሮች ትምህርት ቤት ቱስኪጊ ገብቶ የመኪና መካኒክነት ተማረና እ.ኤ.አ. በ1924 ተመረቀ። ከዚያ ወደ ሰሜን ተሰደደ። መጀመሪያ ዲትሮይት፣ ቀጥሎ ቺካጎ። መኪና እየጠገነ ኑሮውን አቀና።

ቺካጎ ውስጥ ከርቲስ ራይት የሚባል የታወቀ የበረራ ትምህርት ቤት ነበር። ሮቢንሰን አመለከተ፤ አይሆንም ተባለ። ደግሞ አመለከተ፤ ወይ ፍንክች። ምክንያቱ ቆዳው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ጨዋታው አለቀ ብሎ ከሜዳ ይወጣ ነበር። እሱ ግን ተማሪ ሆኖ መግባት ቢከለከል ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ገባ። መጥረጊያውን ይዞ ክፍሉ ጥግ እየቆመ የአስተማሪውን ትምህርት ያዳምጣል፤ ተማሪዎቹ ሲወጡ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የቀረውን ይገለብጣል። ማታ ደግሞ የሰማውን ለጥቁር ጓደኞቹ ያስተምራል። ከእነሱ አንዱ የልብ ወዳጁ መካኒኩ ኮርኔሊየስ ኮፊ ነበር።

በእጅ የተሠራችው አውሮፕላን

ንድፈ ሐሳቡ ገባቸው፤ አውሮፕላን ግን የለም። መግዣ ገንዘብም የለም። ስለዚህ ሊሠሯት ወሰኑ። በዚያን ዘመን ሄዝ ፓራሶል የምትባል አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ አውሮፕላን ክፍሎቿ ተነጣጥለው ይሸጡ ነበር። ገዢው ራሱ ቤቱ ውስጥ ይገጣጥማታል። ክንፏ ከአብራሪው ራስ በላይ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ነው፤ አብራሪው የሚቀመጥበት ግን ክፍት ነው። ሞተሯ የሞተር ብስክሌት ሞተር ነው። ጉልበቷ ከ30 የፈረስ ጉልበት አያልፍም፤ በዛሬ ሒሳብ ሁለት ሦስት ባጃጅ አንድ ላይ ቢጠመዱ ነው።

ሮቢንሰንና ጓደኞቹ ይቺን ነገር ሥራ እየዋሉ በትርፍ ሰዓታቸው ገጣጠሟት። ሲጨርሱ ትበር እንደሆን የሚፈትሽ ሰው ያስፈልግ ነበርና ሮቢንሰን የሚጠርግለትን አስተማሪ ለመነ። አስተማሪው መጣ፣ አያት፣ ተነሳባት። በረረች! ጽዳት ሠራተኛው ክፍሉ ጥግ ሆኖ የያዘው ትምህርት እውነተኛ መሆኑ ያን ቀን ታየ። ከብዙ ክርክር በኋላም የትምህርት ቤቱ በር ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1931 ሮቢንሰንና ኮፊ ተመረቁ። ሮቢንሰን ቀደም ሲል መጥረጊያ ይዞ በቆመበት ትምህርት ቤት የጥቁር ተማሪዎች አስተማሪ ሆነ።

ማኅበርም አቋቋሙ፤ እንደ ስፖርት ክለብ ነው። ነጮቹ አየር ማረፊያቸውን ሲከለክሏቸው ሮቢንስ በምትባል የጥቁሮች መንደር የራሳቸውን ሜዳ አስተካክለው ማረፊያ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1933 ማዕበል መጥቶ የአውሮፕላን ማቆሚያቸውን ከነአውሮፕላኖቹ አወደመው። እንደገና ከዜሮ ጀመሩ።

ዲካተር ላይ የተሰበረው ክንፍ

ከዚያ የሮቢንሰን ትልቁ የአገር አቋራጭ ጉዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1934 ከቱስኪጊ የተመረቀበት 10ኛ ዓመት ነበር። በዓሉ ላይ በባቡር ወይም በመኪና መሄድ ይችል ነበር። እሱ ግን ከሰማይ ወርዶ፣ ትምህርት ቤቱ ለጥቁር ልጆች የበረራ ትምህርት እንዲከፍት ለማሳመን አሰበ። ከቺካጎ ቱስኪጊ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሁለት አውሮፕላን፣ ሦስት ሰው። ሮቢንሰንና ኮፊ በአንዷ፣ ጓደኛቸው ግሮቨር ናሽ ደግሞ ቡል ፐፕ በምትባል አንድ መቀመጫ ባላት ክፍት አውሮፕላን።

በአሜሪካ የዚያ ዘመን አብራሪ ዋና ረዳቱ የባቡር ሐዲድ ነበር። ሐዲዱን ይዞ ከተማ እስኪመጣ ይበራል። ብዙ ከተሞችም ለአብራሪዎች ብለው ስማቸውን በትልልቅ ፊደል ጣሪያ ላይ ይጽፉ ነበር። ለጥቁር አብራሪ ግን ከተማውን ማግኘት ግማሹ ሥራ ነው። ካረፈ በኋላ ነዳጅ ማን ይሸጥለታል? የት ያድራል? ደቡብ በገቡ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይከብዳል።

አላባማ ገብተው ዲካተር ከደረሱ በኋላ ሲነሱ የሮቢንሰንና የኮፊ አውሮፕላን አደጋ ደርሶባት ተሰበረች። ሁለቱም በሕይወት ተረፉ። ቱስኪጊ ከፊታቸው ነው፤ የቀረችው አንድ መቀመጫ ያላት የናሽ ቡል ፐፕ ብቻ ናት። ናሽ ወረደ። የራሱን አውሮፕላን ለሮቢንሰን ሰጠ። በኳስ ቋንቋ ባዶ ጎል ፊት ቆሞ ለጓደኛ ማቀበል ማለት ይኸ ነው። ሮቢንሰን ብቻውን በርሮ ቱስኪጊ አረፈ። ትምህርት ቤቱ ያኔውኑ እሺ ባይልም ሐሳቡ አልሞተም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቱስኪጊ የበረራ ሥልጠና ጀመረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስማቸው የገነነው ጥቁር አሜሪካውያን ተዋጊ አብራሪዎች ከዚያ ወጡ።

የአድዋ ማለዳ

በ1927 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ዝግጅት ግልጽ ሲሆን የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድና በአሜሪካ የሕክምና ተማሪ የነበሩት መላኩ በያን ጥቁር ባለሙያዎችን ይፈልጉ ነበር። ሮቢንሰን ተጠቆመ። ሥራውን፣ ቤቱንና ክለቡን ትቶ ክረምቱ ሊገባ ሲል አዲስ አበባ ደረሰ። አቀባበሉ ቀላል አልነበረም። ከእሱ በፊት የመጣው ሌላ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ሁበርት ጁሊያን በ1923 ዓ.ም. በትንሽ አውሮፕላን ተከስክሶ ስለነበር ሁሉም በጥርጣሬ ያየው ነበር። ሮቢንሰን አፉን ሳይሆን ሥራውን አስቀደመ። ብዙ ሳይቆይ በኮሎኔልነት የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆነ።

አየር ኃይል ይባል እንጂ በጣት የሚቆጠሩ፣ ለውጊያ የማይበቁ አውሮፕላኖች ነበሩ። ዋናዎቹ ፖቴዝ 25 የተባሉ የፈረንሳይ ባለ ሁለት መቀመጫ ክፍት አውሮፕላኖች ናቸው። ጣሊያን በመቶዎች የሚቆጠር አውሮፕላን አሰልፏል። ስለዚህ የሮቢንሰን ሥራ መዋጋት አልነበረም። መልዕክት፣ መድኃኒትና ሰው ማድረስ ነበር። አብረውት ከነበሩት መካከል ቀዳሚዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ ይጠቀሳሉ። ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበርም ነበር። ዌበር በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራችውን፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችውን አውሮፕላን ያበረረ ነው። በእጅ የተሠራች አውሮፕላን ለሮቢንሰን አዲስ ነገር አልነበረችም፤ ሕይወቱ የተቀየረው በእንደዚህ ዓይነቷ ነው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች አድዋን በቦምብ ሲደበድቡ ሮቢንሰን እዚያው ነበር። ሰላማዊ ሰው ሲያልቅ በዓይኑ አይቶ ወሬውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ በረረ። ከዚያ በኋላ ወራቱን ሙሉ መንገዱ ሰሜን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ደሴ ሲወርዱ የአዲስ አበባና የደሴ መስመር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ የዘወትር ሥራው ሆነ።

እዚህ የባቡር ሐዲድ የለም፤ ያለው የጅቡቲው ብቻ ነው፣ እሱም ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ጣሪያ ላይ የተጻፈ የከተማ ስም የለም። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ አውሮፕላኗ ለመነሳት ረጅም ሜዳ ትፈልጋለች። ወደ ሰሜን ሲበር በቀኝ በኩል ምድሩ ወደ አፋር ቆላ የሚወድቅበት ገደል እንደ ትልቅ መስመር ያገለግላል። ያንን ጠርዝ የያዘ አይጠፋም። ችግሩ ደመና ጠርዙን ሲሸፍነው ነው። ደመናው ደግሞ ለሮቢንሰን ጠላትም ወዳጅም ነበር። ተራራውን ይደብቅበታል፤ እሱን ግን ከጣሊያን አዳኝ አውሮፕላኖች ይሰውረዋል። መሣሪያ የሌለው አብራሪ መከላከያው ዝቅ ብሎ በሸለቆ ውስጥ መብረር፣ ወይም ደመና ውስጥ ገብቶ ሰዓትና ኮምፓሱን አምኖ መውጣት ነበር። ቆስሏል፣ የመርዝ ጋዙም ደርሶታል። ሥራውን ግን እስከ መጨረሻው አላቋረጠም። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከመልቀቃቸው ጥቂት ቀደም ብሎ አገሩ ተመለሰ። ቺካጎ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ እንደ ዋንጫ አሸናፊ ተቀበለው።

ዳግም ምጣት

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይበቃል ይላል። ሮቢንሰን ግን ኢትዮጵያ ነጻ ከወጣች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1944 ከጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ጋር ተመልሶ መጣ። ወጣት ኢትዮጵያውያንን ማብረርና መካኒክነት ማስተማር ጀመረ። መጨረሻው ግን እንደ ጅማሬው አልሰመረም። በኋላ የአየር ኃይሉን ሥልጠና የያዙት ስዊድናውያን ናቸው፤ ሮቢንሰንም ከመሪያቸው ከካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን ጋር ተጋጨ። ጠቡ እስከ መደባደብ ደርሶ ሮቢንሰን ታሰረ፤ ከአየር ኃይሉም ራቀ። ቮን ሮዘንም በጦርነቱ ወራት በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኛ ያመላለሰ ጀግና ነበር። ሁለት የኢትዮጵያ ወዳጆች በአንድ ሜዳ አልተስማሙም።

ሮቢንሰን አገሩ አልተመለሰም። አዲስ አበባ ቀረ፤ መብረሩንም አልተወም። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. በትንሽ አውሮፕላን ሲበር ተከሰከሰ። አብሮት የነበረው ጣሊያናዊ መሐንዲስ ሞተ። እሱም ከቃጠሎው ሳያገግም ከቀናት በኋላ አረፈ። የተቀበረውም እዚሁ አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው።

በእነዚያ ወራት የበረረችው ፀሐይ 80 ከሚበልጡ ዓመታት በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ከጣሊያን ተመልሳ አገሯ ገብታለች። ስትመለስ የብዙ ሰው ዓይን እንባ አቅርሯል። የአየር ኃይሉ አዛዥ የነበረው ሰው ግን ፀሐይን ባዩ ሰዎች ዘንድ እንኳ ስሙ እምብዛም አይነሳም። ማስታወሻ ለእሱ መሥራት ድል ያለ ድግስ አይጠይቅም። ወደ ጅማ ሲወረድ አሰንዳቦ ላይ አውቶብሱ ለሻይ ሲቆም ከፍ ብሎ ሰማዩን ማየትና፣ ያለ ሐዲድ፣ ያለ ሬዲዮ፣ ጭኑ ላይ በታሰረች ካርታ ብቻ ይህን አገር ያቋረጠ ሰው ጆን ሮቢንሰን ይባል እንደነበር ለጎረቤት መንገር ይበቃል።