ስታን ሮጀርስ፡ የባሕረተኞች ዘፋኝና የአውሮፕላን ወንበር

አውሮፕላን ውስጥ ገብተን ስንቀመጥ ዓይናችን የሚሄደው ወደ መስኮቱ ነው። የተቀመጥንበት ወንበር ልብስ ከምን እንደተሠራ፣ እሳት ቢነካው ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ስንቱ ነው? እውነቱን ለመናገር እኔም ጠይቄ አላውቅም ነበር። ስለ አንድ ካናዳዊ ዘፋኝ ሕይወት ማንበብ ስጀምር ነው ነገሩ ወደ ወንበር ልብስ የወሰደኝ። ውድ አንባቢያን፣ ሰውየው ስታን ሮጀርስ ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስታን የተወለደው ኖቬምበር 29 ቀን 1949 በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት፣ ሃሚልተን ከተማ ነው። ወላጆቹ ግን የዚያ አካባቢ ተወላጆች አልነበሩም። ሥራ ፍለጋ ከምሥራቋ የባሕር ዳርቻ ግዛት ከኖቫ ስኮሺያ የመጡ ናቸው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጁ ወደ ዘመዶቹ አገር ይሄድና የዓሣ አጥማጆችን ወሬና ዘፈን ሲሰማ ይከርማል። ገና በአምስት ዓመቱ አጎቱ በእጁ የሠራትን ትንሽ ጊታር ሰጠው። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ከጊታር አልተለየም።

ሲያድግ ቁመቱ የረዘመ፣ ድምፁ የወፈረ ሰው ወጣው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ያወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ፎጋርቲስ ኮቭ ይባላል። የዘፈኖቹ ባለጉዳዮች ሀብታምና ታዋቂ ሰዎች አይደሉም። መረባቸው ባዶ የሚመለስባቸው ዓሣ አጥማጆች፣ ዝናብ የሚጠብቁ ገበሬዎች፣ ለሥራ ብለው ከአገራቸው የራቁ ሠራተኞች ናቸው። በ1981 ያወጣው ኖርዝዌስት ፓሴጅ የተሰኘው ዘፈን ደግሞ በካናዳ ውስጥ እንደ ሁለተኛ ብሔራዊ መዝሙር የሚቆጥሩት ሰዎች እስኪኖሩ ድረስ ተወዷል።

ከዘፈኖቹ አንዱ ሜሪ ኤለን ካርተር ይባላል። ባለቤቶቿ ኪሳራ ብለው የተዉአትን የሰመጠች መርከብ ከባሕር ለማውጣት ስለሚታገሉ መርከበኞች ነው፤ መልእክቱም ተስፋ አትቁረጥ የሚል ነው። በፌብሩዋሪ 1983 ማሪን ኤሌክትሪክ የተባለች የድንጋይ ከሰል መርከብ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት አቅራቢያ ሰመጠች። ከ34 ሰዎች የተረፉት 3 ብቻ ነበሩ። ከሦስቱ አንዱ የመርከቧ ዋና መኮንን ሲሆን፣ በዚያ በረዶ በሆነ ውኃ ውስጥ ሌሊቱን የገፋው ይህንኑ ዘፈን ደጋግሞ እየጮኸ እንደነበር በኋላ ተናግሯል። ለአንድ ዘፋኝ ከዚህ የበለጠ ምን ሽልማት አለ?

ከዚህ በኋላ አራት ወር እንኳ ሳይሞላ የስታን ተራ ደረሰ። ቴክሳስ ውስጥ በኬርቪል የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ተገኝቶ ሲመለስ፣ ጁን 2 ቀን 1983 ከዳላስ ወደ ቶሮንቶ በሚበረው የኤር ካናዳ በረራ ቁጥር 797 ተሳፈረ። ዲሲ-9 በሆነው አውሮፕላን 41 መንገደኞችና 5 የበረራ ሠራተኞች ነበሩ። አየር ላይ እንዳሉ ከኋለኛው መጸዳጃ ቤት ጭስ ታየ። አስተናጋጆቹ መንገደኞቹን ወደ ፊት አዛውረው አፍንጫቸውን የሚሸፍኑበት እርጥብ ፎጣ አደሉ። አብራሪዎቹም ጭስ በሞላው ክፍል ሆነው አውሮፕላኑን በሲንሲናቲ ኤርፖርት በሰላም አሳረፉት።

ሰው ሁሉ ተረፈ ማለት ነው? አይደለም። በሮቹ ሲከፈቱ ንጹሕ አየር ገባ። በጣሪያው ሥር ተጠራቅሞ የነበረው የጋለ ጭስና ጋዝ ያጣው ነገር ይኸው አየር ነበር። ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ክፍሉ ባንድ ጊዜ በእሳት ተያያዘ። 18 መንገደኞችና 5ቱም ሠራተኞች ወጡ፤ 23 መንገደኞች ቀሩ። ስታን ከቀሩት ውስጥ ነበር። ዕድሜው 33 ሲሆን ሚስቱንና አራት ልጆቹን ጥሎ አለፈ። አመዱም በኖቫ ስኮሺያ አጠገብ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ተበተነ።

እንግዲህ የወንበሩ ልብስ እዚህ ላይ ይመጣል። እርግጥ እሳቱ ከወንበር አልተነሳም፤ መነሻውም ተለይቶ አልተረጋገጠም። ነገር ግን የዚያን ጊዜ የአውሮፕላን ወንበር በጨርቅ የተሸፈነ ስፖንጅ ነው። ጨርቁ ሲቃጠል እሳቱ ስፖንጁን ያገኛል፤ ስፖንጁ ደግሞ ቶሎ ይነድዳል፣ መርዛማ ጭስም ያወጣል። የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ተመራማሪዎች ከአደጋው በፊት ጀምረው መፍትሔ ይሞክሩ ነበር። በጨርቁና በስፖንጁ መካከል እሳት የሚከላከል ስስ ሽፋን ማስገባት ነው ነገሩ። የ797 አደጋ ጉዳዩን አጣዳፊ አደረገውና በ1984 ደንብ ወጣ። በደንቡ መሠረት የወንበሩ ትራስ ለ2 ደቂቃ በኃይለኛ ነበልባል ይመታል፤ ከክብደቱም ከ10 በመቶ በላይ ማጣት የለበትም። አየር መንገዶቹ እስከ 1987 መጨረሻ ድረስ እንዲያሟሉ ታዘዙ። ጭስ ዓይን ሲጋርድ ወደ በር የሚመሩ የወለል መብራቶች፣ በመጸዳጃ ቤት የጭስ ጠቋሚ መሣሪያም ተከተሉ።

ሽፋኑ እሳትን ጨርሶ አያቆምም። በሙከራ እንደታየው የሚያስገኘው ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ብቻ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን በዚያ ቀን በሞትና በሕይወት መካከል የነበረው ስንት ሰከንድ ነበር?

የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝና አንድ ነገር ልጨምር። ስታን በወፍራም ድምፁ እየጮኸ ሌሎችን ወደ በሩ መርቷል የሚል ታሪክ በአድናቂዎቹ ዘንድ ይነገራል። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ማስረጃ ያልቆመለት በመሆኑ ግን እኔ እንደ ወሬ እንጂ እንደ ዜና አልጽፈውም። ደግሞስ ጀግንነት ልንፈጥርለት ምን አስቸገረን? በባሕር ላይ በዘፈኑ ብርታት ያገኘ ሰው አለ። ዛሬ ከቦሌም ሆነ ከሌላ ኤርፖርት ስንነሳ የተቀመጥንበት ወንበርም እርሱና 22 ሰዎች ከሞቱ በኋላ የተጻፈ ደንብ ያለበት ነው። ስማቸውን አናውቅም፤ የተረፈልን ሰከንድ ግን ከእነርሱ የተገኘ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ስትቀመጡ የወንበሩን ልብስ ዳሰስ አድርጉት። ሰላም ሁኑ!